የአዝቴኮች ኃይል ምንጭ መሠዊያው ነበር ወይስ ግብሩ? በድረ ገጽ መድረክ ላይ የተካሄደ የአንድ ረጅም የውይይት ክር ዘገባ

ይህን ክር የከፈተው ሰው ጥያቄ ከመጠየቅ ይልቅ አቋም ይዞ ነው የመጣው። አዝቴኮች፣ በተለይም የቴኖችቲትላን (የዛሬዋ ሜክሲኮ ሲቲ) ነዋሪዎች የነበሩት ሜሺካዎች፣ ወደ ሜክሲኮ ሸለቆ ሲገቡ ማንም የማይፈልጋቸው ስደተኞች እንደ ነበሩ፣ ከተማቸውን ከቆረቆሩ ሁለት መቶ ዓመት ሳይሞላ ግን ከባሕር እስከ ባሕር የሚያስገብሩ ጌቶች እንደ ሆኑ ካስታወሰ በኋላ፣ የዚህ ሁሉ ምክንያት ሃይማኖታቸው ብቻ ነው አለ። በእርሱ አስተያየት ፀሐይ እንዳትጠፋ አምላካቸው ደም ይፈልጋል፤ ደሙ ምርኮኛ፣ ምርኮኛውም ጦርነት ያስፈልገዋል፤ ጦርነቱ ደግሞ ሳይታሰብ ግዛት ያስገኛል። ሌላ ማብራሪያ ያለው ሰው ካለ ያቅርብ ብሎ ጨረሰ።

ክሩ ሃያ ሁለት መልሶች ካፈራ በኋላ አዲስ የሚገቡ አባላት የተመለሰውን ጥያቄ ደጋግመው እያነሡ ስለ ተቸገርን፣ አወያይ እንደመሆኔ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እተርካለሁ። ገለልተኛ ሆኜ አልጻፍሁትም፤ አንዳንዱ መልስ ከሌላው ይበልጣል፣ ይህንንም በየቦታው እናገራለሁ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 በአክብሮት የተጻፈ ድጋፍ ነው። ጸሐፊው ባለጥያቄውን አመስግኖ፣ ሜሺካዎች አዝትላን ከሚባል ስፍራ ተነሥተው በአምላካቸው በሁኢትዚሎፖችትሊ እየተመሩ እንደ ተጓዙ፣ ንስር በቁልቋል ላይ ቆሞ ባዩበት ደሴት እንደ ሰፈሩና በ1325 ቴኖችቲትላንን እንደ ቆረቆሩ የሚናገረውን ትውፊት አቀረበ። ሕዝቡን ከቦታ ወደ ቦታ ያንቀሳቀሰው እምነት ከሆነ መንግሥቱንም ያቆመው እምነት መሆን አለበት ሲል የባለጥያቄውን ሐሳብ አጸና።

መልስ 2 እርማት ነው። ባለጥያቄው ከጽሑፉ ጋር ያያያዘው ሥዕል የቴኦቲዋካንን የፀሐይ ፒራሚድ የሚያሳይ ሲሆን፣ ያ ከተማ ሜሺካዎች ወደ ሸለቆው ከመድረሳቸው ቢያንስ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የፈረሰ የሌላ ሕዝብ ሥራ ነው። መላሹ ግን ስሕተቱን በማሳየት ብቻ አላበቃም፤ ሜሺካዎች ራሳቸው ያንን ፍርስራሽ የዓለም መጀመሪያ አድርገው ያዩት እንደ ነበር ጨመረ። በትውፊታቸው ከእኛ ዘመን በፊት አራት ፀሐዮች ጠፍተዋል። አምስተኛዋን ለመፍጠር አማልክት በጨለማ ቴኦቲዋካን ላይ ተሰብስበው እሳት አነደዱ፤ ባለጠጋውና ኩሩው ቴኩሲዝቴካትል አራት ጊዜ ወደ እሳቱ ተንደርድሮ አራት ጊዜ ሲመለስ፣ ገላው በቁስል የተሞላው ምስኪኑ ናናዋትዚን ዓይኑን ጨፍኖ ዘሎ ገባና ፀሐይ ሆነ። ኩሩውም አፍሮ ተከተለውና ጨረቃ ሆነ። ይሁን እንጂ አዲሲቱ ፀሐይ በሰማይ ላይ ቆመች እንጂ አልተንቀሳቀሰችም፤ የቀሩት አማልክት ራሳቸውን እስኪሠዉ ድረስ። የሰው ልጅ ደም የሚያቀርበው፣ ይላል መላሹ፣ አማልክቱ ቀድመው ያበደሩትን ዕዳ ለመክፈል ነው። ይህን ሐሳብ ያልያዘ ሰው ስለ ሃይማኖቱ የሚናገረው ሁሉ ከውጭ የሚታየውን ብቻ ነው የሚል እምነት አለኝ።

መልስ 3 ምስጋና ብቻ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

መልስ 4 ከዚህ ክር ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ብዙዎች ግን ርዝመቱን አይተው ዘለሉት። የታሪክ መምህር ነኝ ያለው ጸሐፊ ስለ አማልክት አንድም ቃል ሳይናገር ጀመረ። ሜሺካዎች ከቻፑልቴፔክ ተባርረው፣ በኩልዋካን ገዥዎች ሥር ጥቂት ከቆዩ በኋላ ወደ ረግረጋማው ደሴት የሸሹት ደኅና ደኅናው መሬት ሁሉ ባለቤት ስለ ነበረው ነው። በደሴቱም ላይ እስከ 1428 ድረስ ለጎረቤታቸው ለአዝካፖትዛልኮ ከተማ እየገበሩ፣ በዘመቻውም እየተሰለፉ ኖሩ። የመጀመሪያው ንጉሣቸው አካማፒችትሊ ከኩልዋካን ቤተ መንግሥት የሚወለድ ነበርና በእርሱ በኩል ከእነርሱ በፊት ገናና የነበሩትን የጥንቶቹን የቶልቴኮችን የዘር ክብር ለራሳቸው አገኙ። በ1426 የአዝካፖትዛልኮ አዛውንት ገዥ ቴዞዞሞክ ሲሞት ልጆቹ በዙፋኑ ተጣሉ፤ ማሽትላ አሸንፎ ነገሠና በገባሮቹ ላይ ጨከነ። የቴኖችቲትላኑ ኢትዝኮአትል ይህን መከፋፈል አይቶ፣ አባቱ በአዝካፖትዛልኮ ሰዎች ተገድሎበት በስደት ይኖር ከነበረው ከቴክስኮኮው ልዑል ከኔዛሁአልኮዮትል ጋር ተባበረ፤ በ1428ም አዝካፖትዛልኮ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ሦስቱ ከተሞች ቴኖችቲትላን፣ ቴክስኮኮና ትላኮፓን ቃል ኪዳን ገብተው፣ ከሚሰበሰበው ግብር ከአምስት እጅ ሁለት ሁለቱን ሁለቱ ታላላቆች፣ አንዱን ደግሞ ትላኮፓን እንዲወስድ ተስማሙ።

መምህሩ ዋናውን ነጥብ ያስቀመጠው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ፍራንሲስካኑ መነኩሴ ሳሃጉን ከአገሬው ሽማግሌዎች ሰምቶ እንደ ጻፈው፣ በኢትዝኮአትል ዘመን የቆዩት የታሪክ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ተደረገ፤ ተራው ሕዝብ ሊያውቃቸው አይገባም ተብሎ። የነገዱ ጠባቂ የነበረው ሁኢትዚሎፖችትሊ ከጥንቶቹ ታላላቅ አማልክት ጎን፣ አንዳንድ ጊዜም ከእነርሱ በላይ የተቀመጠው በዚህ አዲስ ትረካ ውስጥ ነው። ዶሚኒካኑ ዲዬጎ ዱራን ደግሞ ሌላ ነገር ይተርካል፤ ሕዝቡ ጦርነቱን ፈርቶ ሳለ መኳንንቱ ከተሸነፍን ሥጋችንን ብሉ፣ ካሸነፍን ግን ለዘላለም አገልግሉን ብለው ተዋዋሉት። ከድሉ በኋላ የተማረከው መሬት በአብዛኛው ለንጉሡና ለመኳንንቱ ተከፈለ። መምህሩ ይህ ውል በእርግጥ የተደረገ ሳይሆን መኳንንቱ መብታቸውን ለማጽደቅ ኋላ የፈጠሩት ሊሆን ይችላል አለ፤ ለእኔ ግን ተፈጠረም አልተፈጠረም የሚመሰክረው አንድ ነው፤ ከ1428 በኋላ በቴኖችቲትላን ውስጥ ገዥና ተገዥ መካከል ያለው ርቀት ማብራሪያ እስከሚያስፈልገው ድረስ ሰፍቶ ነበር።

መልስ 5ን የጻፈችው ሜክሲኮ ሲቲን የጎበኘች እህት ናት። ታላቁ ቤተ መቅደስ፣ ቴምፕሎ ማዮር፣ በከተማው መካከል ከካቴድራሉ አጠገብ ይገኛል፤ በየካቲት 1978 የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሲቆፍሩ ዲያሜትሩ ከሦስት ሜትር የሚበልጥ፣ እጅና እግሯ የተቆራረጠች ሴት የተቀረጸችበት ክብ ድንጋይ በማግኘታቸው ነው ሰፊው ቁፋሮ በኤድዋርዶ ማቶስ ሞክቴዙማ መሪነት የተጀመረው። ሴቲቱ ኮዮልሻውኪ፣ የሁኢትዚሎፖችትሊ እህት ናት፤ እናታቸውን ለመግደል በተነሣች ጊዜ እርሱ መሣሪያውን እንደ ታጠቀ ተወልዶ እርሷን ቆራርጦ ከተራራው ወረወራት። ድንጋዩ የተገኘው በእርሱ በኩል ካለው ደረጃ ግርጌ ነው፤ ከላይ የተሠዋው ምርኮኛ ሬሳ ተንከባሎ የሚወድቀውም ወደዚያው ነበር። ጸሐፊዋ በጨዋ አነጋገር ያሳሰበችው፣ በፒራሚዱ አናት ላይ ያሉት መቅደሶች ሁለት መሆናቸውን ነው፤ አንደኛው የጦርነቱ የሁኢትዚሎፖችትሊ፣ ሁለተኛው የዝናቡ የትላሎክ። ጦርነት ግብር ያመጣል፣ ዝናብ በቆሎ ያበቅላል። መንግሥቱ የሚበላበት ሁለቱም መንገድ በአንድ ሕንጻ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ከመልስ 6 ጀምሮ ክሩ ወደ ቁጥር ጠብ ገባ። ስድስተኛው ጸሐፊ፣ በንጉሡ በአሁኢትዞትል ዘመን በ1487 ቤተ መቅደሱ ሲመረቅ በአራት ቀን 80,400 ሰዎች ታርደዋል፤ ይህን ያህል ሰው ያረደ መንግሥት ከሃይማኖት በቀር በምን ይገለጻል ሲል ጠየቀ። መልስ 7 ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጣ፤ በአራት ቀን 80,400 ማለት ሌሊቱንም ጨምሮ በየደቂቃው አሥራ አራት ሰው ነው፣ እያንዳንዱ ደግሞ ደረጃውን ወጥቶ፣ በድንጋይ ቢላ ደረቱ ተከፍቶ፣ ልቡ ወጥቶ። ሌላ የሥዕል መዝገብ ለዚያው በዓል 20,000 የሚል ቁጥር እንደሚሰጥ ጠቅሶ፣ ያም ቢሆን ለማመን የሚከብድ ነው አለ።

መልስ 8 በስድስተኛው ጸሐፊ የተጻፈ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በ«እርስዎ» ሲነጋገሩ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ከዚህ በኋላ «አንተ» መባባል ጀመሩ። ቁጥሩን መቀነስ ግፉን መካድ ነው ሲል ከሰሰ፤ ማስረጃም አቀረበ። ከ2015 ጀምሮ ከካቴድራሉ ጀርባ በተደረገው ቁፋሮ ከ600 በላይ የራስ ቅሎች በኖራ ተያይዘው የተገነቡበት ግንብ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም መካከል የሴቶችና የሕፃናት ቅሎች አሉ። መልስ 9 ከሌላ አቅጣጫ ገባና ስፔናውያን ወረራቸውን ለማጽደቅ ቁጥሩን የሚያገንኑበት ምክንያት ነበራቸው አለ፤ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ይህን ያለው ሰው ሌሎቹን ሁሉ ያልተማሩ ብሎ ስለ ሰደበ ማንም አልሰማውም። እኔ ደግሞ የምጨምረው፣ ሜሺካዎቹም ራሳቸው ጎረቤቶቻቸውን ለማስፈራራት ቁጥሩን የሚያገንኑበት ምክንያት እንደ ነበራቸው ነው፤ የጠላት መሪዎች ለምረቃው ተጋብዘው እንዲመለከቱ መደረጉ በከንቱ አልነበረም።

ጠቡን ያበረደው መልስ 10 ነው። በንጉሡ በሞክቴዙማ ቀዳማዊ ዘመን ሸለቆውን ለዓመታት ያስራበው ድርቅ በ1454 በከፋበት ጊዜ፣ ሰዎች ራሳቸውንና ልጆቻቸውን ለበቆሎ ሲሉ በባርነት ለባሕር ዳር ሰዎች እንደ ሸጡ አስታወሰ። በቴምፕሎ ማዮር በትላሎክ በኩል ባለው መሥዋዕት ውስጥ የ42 ሕፃናት አፅም መገኘቱንና ተመራማሪዎች ከዚያው ድርቅ ጋር እንደሚያያይዙት ገለጸ። እነዚህ በጦርነት የተያዙ ምርኮኞች አልነበሩም፤ ዝናብ ለመለመን የተሰጡ ልጆች ናቸው። ከዚህ በኋላ ስለ 80,400 የተናገረ ሰው የለም። በመልስ 11 እኔ ራሴ ገብቼ፣ ስድብ እንዲቆም አሳሰብሁ።

መልስ 12 ከርእሱ ትንሽ ወጣ። የአዝቴኮች ዓመት 365 ቀን ሆኖ በመጨረሻው ላይ አምስት ክፉ የሚባሉ ቀኖች መኖራቸውን የተረዳው ጸሐፊ ከእኛ ጳጉሜን ጋር የጥንት ግንኙነት ሳይኖር አይቀርም አለ። መልስ 13 ቆራጥ ነበር፤ የእነርሱ ዓመት ሃያ ሃያ ቀን ያላቸው አሥራ ስምንት ወሮች፣ የእኛ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወሮች ናቸው፤ ሁለቱም 360 ስለሚሆኑ አምስት ቀን መትረፉ የሒሳብ እንጂ የዝምድና ጉዳይ አይደለም። ይልቅስ ትኩረት የሚገባው ይህ አቆጣጠር ከሌላ የ260 ቀን የጥንቆላ አቆጣጠር ጋር በየ52 ዓመቱ መገናኘቱ ነው። በዚያች ሌሊት በከተማው ያለው እሳት ሁሉ ይጠፋል፣ የሸክላ ዕቃ ይሰበራል፤ ካህናቱ በኮረብታ ላይ ኮከቦቹ መሄዳቸውን እስኪቀጥሉ ጠብቀው በተሠዋ ሰው ደረት ላይ አዲስ እሳት ያወጣሉ፣ ሯጮችም ችቦውን ወደየቤተ መቅደሱ ያደርሳሉ። የመጨረሻው የተከበረው በ1507 ነበር።

መልስ 14 ስለ ኅብረተሰቡ የጠየቀም የመለሰም ብቸኛው ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰው ካህንና ወታደር ብቻ ያለ ይመስል ነበር። ተራው ሕዝብ ካልፑሊ በሚባል የሰፈር ማኅበር ተደራጅቶ መሬቱን ከማኅበሩ ይቀበል ነበር። የመኳንንት ልጆች ካልሜካክ ገብተው ሥርዓተ አምልኮ፣ ሥዕላዊ ጽሕፈትና የአነጋገር ሥርዓት ይማራሉ፤ የተራው ሰው ልጆች ደግሞ በየሰፈሩ ባለው ቴልፖችካሊ ጦርነትንና የጋራ ሥራን ይለማመዳሉ። ባርነት ነበረ፣ ነገር ግን ከወላጅ ወደ ልጅ አይወርድም ነበር። ፖችቴካ የሚባሉት ነጋዴዎች ሩቅ አገር ተሻግረው ላባና ጌጥ ሲያመጡ ስለላም ይሠሩ ነበር፤ ሀብታቸው መኳንንቱን እንዳያስቀና ግን ሌሊት ገብተው ዕቃቸውን በዘመድ ቤት ይደብቃሉ። በትላቴሎልኮ ገበያ በቀን ከ60,000 በላይ ሰው ይገበያይ እንደ ነበር የስፔን ወራሪዎች መሪ ኮርቴስ ጽፏል፤ አነስተኛው ገንዘብ የካካዎ ፍሬ ነበር፤ አስመስለው የሚሠሩ አጭበርባሪዎችም አልታጡም።

መልስ 15 አዋላጅ ነርስ ነኝ ያለች አባል የጻፈችው ነው። በወሊድ የሞተች ሴት በጦር ሜዳ ከወደቀ ወታደር እኩል ትከበር እንደ ነበር፣ ነፍሷም ፀሐይን ከቀትር እስከ መጥለቂያው ታጅባለች ተብሎ ይታመን እንደ ነበር ገለጸች። አዋላጇ ሕፃኑ ሲወለድ የጦርነት ጩኸት ታሰማ ነበር፤ እናቲቱ ተዋግታ አንድ ምርኮ ይዛለችና። አንዳንዱ አባል ይህን የሴቶች ክብር ማስረጃ አድርጎ ሲያደንቅ፣ ጸሐፊዋ ራሷ ነገሩን አላጋነነችውም፤ ጦርነት የሁሉ ነገር መለኪያ በሆነበት አገር ወሊድም በጦርነት መለካቱ ነው የሚያሳየው አለች።

መልስ 16 እና 17 ስለ ምግብ ናቸው። በርበሬ፣ በቆሎና ቲማቲም ከዚያው አገር የተገኙ ስለሆኑ ወጣችን ለእነዚህ ሰዎች ገበሬዎች ባለዕዳ ነው ሲል አንዱ ቀለደ። ሌላው ንስሩ የቆመበት ቁልቋል በትግራይ በክረምት የሚበላው በለስ ወገን መሆኑን፣ በዚያ ተክል ላይ የምትኖረው ቀይ ቀለም የምትሰጥ ትንሽ ተባይ በአዝቴኮች ዘመን ቀለሟ በግብር ይሰበሰብ እንደ ነበር፣ በእኛ ዘመን ግን ለቀለሟ ሲባል ወደ ትግራይ ገብታ በለሱን ክፉኛ እንደ ጎዳች በምሬት ጻፈ። ይህ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋልና ወደዚያ እንዲዛወር ጠይቄያለሁ።

መልስ 18 ወደ ግብሩ መለሰን፤ መልስ 4ን ያነበበ መሆኑም ያስታውቃል። ከስፔናውያን ወረራ ሃያ ዓመት ያህል በኋላ ተሥሎ ዛሬ በኦክስፎርድ የሚገኘው የሜንዶዛ ኮዴክስ የተባለው የሥዕል መዝገብ የየአውራጃውን ግብር ይዘረዝራል። የከተሞቹ ምልክት በገጹ ጠርዝ ይወርዳል፣ ከጎኑ የሚከፈለው ዕቃ ይሣላል፤ ባንዲራ ሃያ፣ ላባ መሰሉ ምልክት አራት መቶ፣ የዕጣን ከረጢቱ ስምንት ሺህ ማለት ነው። ሸማ፣ የጦር ልብስ፣ ካካዎ፣ ኬትዛል የተባለው ወፍ ላባ፣ ወርቅ፣ ዕጣን፣ በቆሎ፣ ሕያው ንስር ሳይቀር አለበት። በዚህ መዝገብ ውስጥ በብዛት የሚታየው ጨርቅ ነው፤ ሰው ለመሥዋዕት እንዲላክ የሚያዝዝ መደበኛ ግብር ግን አይታይም። በየአውራጃው የነበሩት ባላባቶች ግብሩን እስከ ከፈሉ ድረስ በቦታቸው ይቀሩ ነበር፤ መንግሥቱ ለማስተዳደር የሚደክመው ጥቂት፣ የሚሰበስበው ብዙ ነበር። ለአዝቴኮች ሳይገብር የቀረው የጎረቤታቸው የትላሽካላ ጉዳይም በዚሁ ይታያል ሲል መላሹ ጨመረ፤ ለምርኮኛ ሲባል ብቻ የሚደረግ የሥርዓት ውጊያ ነው በሚባለው ሁሉ መካከል ትላሽካላዎች ራሳቸው ያማረሩት ዙሪያቸው ተከብቦ ጨውና ጥጥ መከልከላቸውን ነው።

መልስ 19 ኮርቴስን ኬትዛልኮአትል የሚባለው አምላክ ተመልሶ መጣ ብለው ስላመኑ በሩን ከፈቱለት የሚለውን የታወቀ ታሪክ አመጣ። መልስ 20 ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ነበር። ኮርቴስ ራሱ ለንጉሡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ኬትዛልኮአትል የሚል ስም እንደሌለ፣ ታሪኩ የተስፋፋው ከወረራው በኋላ እንደ ሆነ በጠነከረ ቃል መለሰ። ቴኖችቲትላን ነሐሴ 13 ቀን 1521 የወደቀችው በአጉል እምነት ሳይሆን፣ ግብር የመረራቸው የባሕር ዳሯ ከተማ የሴምፖዋላ ሰዎች አስቀድመው ስለ ተባበሩ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የትላሽካላና የሌሎች ከተሞች ወታደሮች ስለ ተሰለፉባት፣ በ1520 የገባው ፈንጣጣም ንጉሡን ኩዊትላዋክን ጨምሮ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ስለ ፈጀ ነው። ቃሉ ቢከርም ነገሩ ልክ ነው።

በመልስ 21 ባለጥያቄው ተመለሰ። ግብሩን አልካደም፤ ነገር ግን ግብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለምን ያን ያህል ሀብት በመሠዊያው ላይ ይፈስ ነበር ሲል ጠየቀ፤ ያገኙትን የባሕር ዛጎል፣ የአዞ ቆዳና የጃጓር አፅም በመሠረቱ ሥር የቀበሩ ሰዎች ለይስሙላ የሚያመልኩ አይደሉም አለ። በዚህ እስማማለሁ፤ መልስ 4ም እምነቱ ውሸት ነው አላለም። ገዥዎች የሚጠቅማቸውን ትረካ ማስተካከላቸውና እነርሱው ራሳቸው በዚያ ትረካ ማመናቸው እርስ በርሱ አይጋጭም።

የመጨረሻው፣ መልስ 22፣ አጭርና ተግባራዊ ነው። በዚያ አገር የጭነት እንስሳ አልነበረም፣ ጎማም ለመጓጓዣ አይውልም ነበር፤ ግብሩን ሁሉ በጀርባው የሚሸከመው ሰው ነበር፤ ስፔናውያን እንደ ጻፉትም የአንድ ተሸካሚ ጭነት 23 ኪሎ ያህል ነበር። ተሸካሚው በመንገድ ስለሚበላ በቆሎን ከሩቅ ማስመጣት ትርፍ የለውም። ስለዚህ ከሩቅ ቆላዎች የሚመጣው ላባ፣ ካካዎና ወርቅ ሲሆን፣ እህሉ የሚመጣው ከቅርብ አውራጃዎችና በሶቺሚልኮና ቻልኮ ሐይቆች ላይ ጭቃ እየተከመረ ከሚሠሩት የቺናምፓ እርሻዎች በታንኳ ነበር። መኳንንቱ ለጀግና የሚሸልሙት፣ ካህናቱ ጣዖቱን የሚያለብሱት ያንኑ ከሩቅ የመጣ ላባ ነው፤ ግብሩና መሠዊያው የሚገናኙትም በዚህ በኩል ነው ሲል መላሹ ጽፏል። ባለጥያቄው ይህን መልስ አመስግኖበታል፤ ስድስተኛው ጸሐፊ ግን ስለ ራስ ቅሎቹ ቁጥር አሁንም ምላሽ እጠብቃለሁ ብሏል።